ድልድይ የሚወድቀው ከእግሩ ነው

በወንዙ ወዲህና ወዲያ ሰዎች ገመድ ይዘው ቆመዋል። በመካከላቸው፣ የተሰበረው ቅስት በተወው ክፍት ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ዓባይ ይፈስሳል። የማዶዎቹ ሲስቡ የወዲህኞቹ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ገበያ የሚወጣው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ዘመድ የሚጠይቀው ሁሉ ከጎጃም ወደ በጌምድር፣ ከበጌምድር ወደ ጎጃም የሚያልፈው እንዲህ ነበር። ቦታው ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ነው።

ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተገነባ ሲሆን፣ ያሠሩት አፄ ፋሲል እንደሆኑ ይነገራል። ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ክረምቶችን ተቋቁሞ ቆየ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጠላት ጦር እንዳይሻገር ተብሎ መካከለኛው ቅስት ተሰበረ። አገር ነፃ ወጣች፤ ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተወለዱ ልጆች አድገው አያት እስኪሆኑ ድረስ መሻገሪያው ገመድ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር የግንባታ ተቋራጭ የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። ካየ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት አቋቋመ፤ በዓመቱም ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ የተሰበረውን ክፍት ቦታ በብረት አጋጠመው። ሰው በእግሩ ተሻገረ፤ አህያ ተጭና ተሻገረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ዓባይ ሞልቶ መጣና ብረቱን ወሰደው።

ይህ የብረት ጥገና በበጎ ፈቃድና በብዙ ድካም የተሠራ ሥራ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ያስተማረው ትምህርት ግን ውድ ነው። በአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ወንዝ ላይ፣ ድንጋዩ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ሲቆም ብረቱ ሦስት ዓመት ብቻ ቆመ። ብረት ከድንጋይ ስለሚደክም አይደለም። ወፍራም የድንጋይ ቅስት ሙላት ቢደርስበት በገዛ ክብደቱ ይረጋል። ቀላል የብረት ወለል ግን ውሃው ከደረሰበት፣ ከጎን የሚገፋውን ኃይልና ጎርፉ ይዞት የሚመጣውን ግንድ የሚቋቋምበት ክብደት የለውም። የመፍትሔው ጥያቄ እንግዲህ «ምን ያህል ጠንካራ እንሥራ?» የሚል ሳይሆን «ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለተኛው ሥራ ሲሠራ ይኸው ጥያቄ ተመለሰ። በአሮጌው ድልድይ ላይ ሌላ ጥገና ከመጨመር ይልቅ፣ ከዳር እስከ ዳር በገመድ የተወጠረ፣ ወንዙ ውስጥ እግር የሌለው የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። ወንዙን መታገል ቀርቶ መንገዱ ተለቀቀለት።

ስለ አሮጌ ድልድዮች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ዕድሜ ነው። «ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፣ ስልሳ ዓመት ሆኖታል፣ አርጅቷል» ይባላል። ዕድሜ ብቻውን ግን ድልድይ አይጥልም። ድልድይ የሚጥለው የውሃውን ልክ ሳያውቁ መሥራት ነው፤ ከሠሩ በኋላ ደግሞ እግሩን ሳያዩ መተው ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ሁለተኛው ነገር ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ብዙ ድልድይ አለን፤ ከሥራቸው ወርዶ የሚያይ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከውሃ በታች የሚሆነው

ጎርፍ ድልድይ አፈረሰ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ውሃ ገፍቶ የጣለው ግንብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው በማይታይ ቦታ ነው። ፈሳሹ ውሃ ከምሰሶው ፊት ሲጋጭ ከፊሉ ወደ ታች ይጠልቃል። እታች ሲደርስ በምሰሶው እግር ዙሪያ እየተሽከረከረ አሸዋውንና ጠጠሩን እያነሳ ይሄዳል። መሐንዲሶች ስካወር ይሉታል። ሙላቱ በበረታ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ከመሠረቱ ሥር የገባ ዕለት ምሰሶው የሚቆምበት ያጣል። ላዩ ላይ አንዲት ስንጥቅ ያልታየበት ድልድይ በአንድ ሌሊት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ጉድጓዱ እጅግ የሚጠልቀው ሙላቱ ጫፍ በደረሰበት ሰዓት፣ ማንም ወርዶ ሊያይ በማይችልበት ጊዜ ነው። ውሃው ሲጎድል ወንዙ ያንኑ ጉድጓድ በደለል መልሶ ይሞላዋል። በኅዳር ወር ወርዶ የሚመለከት ሰው የሚያገኘው ደልዳላ አሸዋ ነው። ያ አሸዋ ግን ልል ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት በመጀመሪያው ሙላት ይነሳል። ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም። ረጅም ብረት ወደ አሸዋው እየሰደዱ ልሉ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ጠንካራው አፈር ወይም ዐለት የት ላይ እንደሚጀምር መለካት፣ የተለካውንም ጽፎ ካለፈው ዓመት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ይህን የማያደርግ አገር ሀብታም ቢሆንም ዋጋውን ይከፍላል። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፈተ። መሠረቱ ጥልቀት አልነበረውም፤ ከጎርፍ እንዲጠብቁት በእግሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ድንጋዮችም ወንዙ በዓመታት ውስጥ እየወሰዳቸው ነበር። ላዩ ይታይ ነበር፤ ከውሃ በታች ያለው መሠረት ግን በጠላቂ አልተመረመረም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1987 የቀለጠ በረዶና ዝናብ ወንዙን ሞሉት፤ ምሰሶው ተደፋ፤ መኪኖች ወደ ውሃው ገቡ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። አሜሪካ በውሃ ላይ ያሉት ድልድዮቿ በሙሉ ለስካወር ያላቸውን ተጋላጭነት መመዘን የጀመረችው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው።

የፖርቱጋሉ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። በዶሮ ወንዝ ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የሂንትዘ ሪቤይሮ ድልድይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2001 ማታ አንድ ምሰሶው ሲወድቅ አውቶቡስና መኪኖች ይዞ ገባ። 59 ሰዎች ሞቱ፤ የሚመለከታቸው ሚኒስትርም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለዓመታት ለግንባታ ተብሎ ከወንዙ የተዛቀው አሸዋ ለአደጋው ድርሻ እንደነበረው ታውቋል።

የአሸዋውን ነገር ረጋ ብለን እንመልከተው። ከወንዝ አሸዋ ሲዛቅ ጉድጓዱ በተቆፈረበት ቦታ አይቀርም። ወንዙ ወለሉን ለማስተካከል ከላይ ካለው እየሸረሸረ ወደ ላይ ይጓዛል፤ ከድልድዩ በታች በመቶዎች ሜትር ርቀት የተቆፈረ ጉድጓድ ከጊዜ በኋላ ከድልድዩ እግር ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ምሰሶው ድዱ እንደሸሸበት ጥርስ ይሆናል። እኛ ዘንድ በየከተማው ግንባታ በበረታ ቁጥር ወንዝ ዳር የሚሰለፈው አይሱዙና ሲኖትራክ ይበዛል። ጫኞቹ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ናቸው፤ በእነሱ መፍረድ ቀላል ነው። ከድልድይ በላይና በታች ምን ያህል ርቀት ድረስ አሸዋ እንዳይነሳ ከልሎ፣ ለወጣቶቹ ሌላ ቦታ ማሳየት ያለበት ግን ፈቃድ የሚሰጠው አካል ነው።

ልምድ ያለው የድልድይ መርማሪ ከመኪናው እንደወረደ በቀጥታ ወደ ሥር ይወርዳል። በትንሽ መዶሻ አርማታውን ያንኳኳል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከውስጥ የለቀቀው ባዶ ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ወደ አካባቢው ሽማግሌ ይሄዳል። «አባባ፣ በዕድሜዎ ያዩት ትልቁ ሙላት እስከ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌውም «ያችን ዋንዛ አየሃት ልጄ? ከቅርንጫፏ ነው የደረሰ፤ ውሃ ያመጣው ገለባ ተሰቅሎባት ከረመ» ይሉታል። የወንዝ መለኪያ በሌለበት ቦታ የዚያች ዋንዛ ከፍታ ትልቅ መረጃ ነው። ድልድይ ሲነደፍም ሲጠገንም እንዲህ ያለውን ቃል በሜትር ለክቶ መመዝገብ ከብዙ ስሌት ይበልጣል።

የዓባይ ውሃ ዓመቱን ሙሉ በእኩል አይመጣም። ከአምስት እጅ አራቱ ያህል የሚፈስሰው ከክረምቱ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ውሃው ብቻውን ቢመጣ አንድ ነገር ነበር፤ ከደጋው የተጠረገ አፈርና የተነቀለ ዛፍ ይዞ ይመጣል። ግንዱ በሁለት ምሰሶ መካከል ሲጋደም የውሃው መተላለፊያ ይጠብባል፤ ከኋላው ያለው ይጠራቀማል፤ የተረፈው በጠባቡ ሲያልፍ ይበልጥ ይቆፍራል። ለዚህ ነው የተራራው ልብስ መገፈፍ የድልድዩም ጉዳይ የሚሆነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዝናቡ የዘነበው በከተማው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከላይ ባሉት የተራቆቱ ተራሮችም ላይ ነበር። እርከን የሚሠራ ገበሬ የራሱን ማሳ ብቻ እየጠበቀ አይደለም፤ ከታች ያለውን ድልድይም ይጠብቃል።

ቁልቁለቱም ይሄዳል

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው መንገዱን አይረሳውም። ከባድ መኪኖች በትንሽ ማርሽ እያቃሰቱ ይወርዳሉ፤ የፍሬን ሽታ አየሩን ይሞላዋል፤ ዝንጀሮዎች ዳሩን ይዘው ይጠብቃሉ። ቅዝቃዜው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። አስፋልቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ በአንዳንድ ቦታ እንደ ማዕበል ተጣጥፎ፣ በአንዳንድ ቦታ ሰምጦ ያገኘዋል። በተደጋጋሚ ተጠግኗል፤ በተደጋጋሚም ተመልሶ ሰምጧል።

ምክንያቱ ከአስፋልቱ በታች ነው። ገደሉ የተለያየ ድንጋይ ተደራርቦበታል፦ ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ውሃ ሲነካው የሚሟሽሸው ጅብሰምና ሸክላማው ንጣፍ፣ ከግርጌ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ። የክረምቱ ውሃ ከላይኛው ድንጋይ ስንጥቅ ገብቶ ከልል ንጣፉ ላይ ሲጠራቀም ቁልቁለቱ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ጃይካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዚህ ገደል የመሬት መንሸራተትን የሚመለከት ጥናት ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር አካሂዷል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋና መላ ቁልቁለቱን በግንብ መደገፍ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ከመሬቱ ውስጥ ማውጣት ነው። ወደ ተራራው ሆድ ጉድጓድ ተበስቶ የተጠራቀመው ውሃ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በቦይ ተይዞ ወደ ሌላ ይመራል። ውሃ ያልጠገበ መሬት ብዙ አይንሸራተትም።

ከሸለቆው ግርጌ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አሮጌው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባንና የጎጃምን መንገድ ተሸክሞ ኖሯል። አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በሚሊኒየማችን ዓመት፣ ተከፈተ። ውብ ሥራ ነው። ቢሆንም የድልድዩ ዕጣ የተያያዘው ከግራና ከቀኝ ካሉት ቁልቁለቶች ጋር ነው፤ መንገዱ ከተንሸራተተ የቆመው ድልድይ ለማንም አይጠቅምም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ከቀበረ በኋላ፣ ቁልቁለት ዝም ብሎ የሚቆም ነገር እንዳልሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ዝገት፣ ኖራና መቀመጫ

በአርማታ የተሠሩ ድልድዮቻችን ሌላ ጠላት አላቸው፤ እሱም ፌሮውን የሚበላው ዝገት ነው። ፌሮ በጤነኛ አርማታ ተሸፍኖ እስካለ አይዝግም። ውሃና አየር በስንጥቅ ሲደርሱት ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ ከቀድሞው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነክተዋል። በፈነከተው ተጨማሪ ውሃ ይገባል። በጄኖዋ፣ ጣሊያን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የሞራንዲ ድልድይ ነሐሴ 2018 ወድቆ 43 ሰዎች ሲሞቱ፣ ትልቁ ጥያቄ በአርማታ ተሸፍነው ከዓይን የተሰወሩት የብረት ገመዶች ዝገት ነበር።

ይህን ጠላት ለማዘግየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በድልድይ ወለል ዳርና ዳር የዝናብ ውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። በአፈር፣ በፕላስቲክና በገለባ ይደፈናሉ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በወለሎቹ መጋጠሚያ እየሾለከ ወለሉ ወደሚያርፍበት መቀመጫ፣ ወደ ቤሪንጉ፣ እና ወደ ፌሮው ይወርዳል። ግንቦት ላይ አካፋና መጥረጊያ የያዙ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቀን የሚያጸዱት ነገር፣ ሳይጸዳ ሲቀር የአንድን ድልድይ ዕድሜ በብዙ ዓመታት ያሳጥራል።

የድንጋይ ድልድዮቻችን ፌሮ የላቸውም፤ ስለዚህ አይዝጉም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ብዙም ሳይርቅ ባለው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደተሠራ በሚነገርለት የአላታ ድልድይ ዛሬም ሰውና ከብት ይሻገርበታል። እነዚህን የሚጎዳቸው በድንጋዮቹ መካከል የሚበቅል ዛፍና ያለ ዕውቀት የሚደረግ ጥገና ነው። የሾላ ችግኝ ለጋ ሳለ በእጅ ይነቀላል፤ ሥሩ ከወፈረ በኋላ ግንቡን ይከፍለዋል። በኖራ የተጋጠመን ግንብ በሲሚንቶ መለሰንም አደገኛ ነው። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ከግንቡ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ እርጥበትም ያስወጣል። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ እርጥበቱን ከውስጥ ይዘጋበታል፤ ኋላም ራሱ ሳይሰበር ድንጋዩን ይሰብረዋል። በኖራ የተሠራ በኖራ ይጠገን።

የመሬት መንቀጥቀጡን ባጭሩ ልለፈው፤ ነገር ግን አልተወውም። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ተንቀጥቅጧል፤ በየካቲት ወር በሬክተር ስኬል 6 የደረሰ ተከስቷል። ያ ምድር የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መንገድና ባቡር የሚያልፉበት የአገሪቱ ጉሮሮ ነው። የብዙ አሮጌ ድልድዮች ወለል ከምሰሶው ጋር አልተሠፋም፤ በጠባብ መቀመጫ ላይ ነው የተቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1989 በካሊፎርኒያ መሬት ሲናወጥ የሳንፍራንሲስኮው ቤይ ብሪጅ የላይኛው ወለል አንድ ክፍል ከመቀመጫው ተንሸራትቶ ወድቋል። መድኃኒቱ ድልድዩን አፍርሶ መሥራት አይደለም። መቀመጫውን ማስፋትና ወለሉን በብረት ገመድ ከምሰሶው ጋር ማሰር ብዙውን አደጋ ያስቀራል።

ገንዘቡ የት ይሂድ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ከተማዋ ለዓመታት የጠበቀችው ነው፤ ደስታዋም ተገቢ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከምርቃት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አዲስ ድልድይ ሲመረቅ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል። የአሮጌ ድልድይ እግር ተለክቶ በድንጋይና በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ሲደገፍ ማንም አይመጣም። በጀትም ብዙ ጊዜ የሚከተለው ካሜራውን ነው።

መንገድ ለመጠገን የሚውል ገንዘብ ከነዳጅ ላይ እንዲሰበሰብ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ሐሳቡ ትክክል ነበር፦ የተሠራውን ለመጠበቅ የሚውል፣ ከአዲስ ግንባታ ጋር የማይሻማ ገንዘብ። ከዚህ ውስጥ ለድልድይ እግር ብቻ የተለየ ድርሻ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ነገሩ የቁጠባ ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ነው። ሠላሳ ዓመት ሊጨምር የሚችል ድልድይ አፍርሶ አዲስ ማፍሰስ ገንዘብንም አየርንም ማባከን ነው። መጠገን የማይቻለውን በጊዜ መተካት ደግሞ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ወርዶ ያየ፣ ለክቶ የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለፌዴራልና ለክልል የመንገድ መሥሪያ ቤቶች የምለው ይህ ነው፦ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ በጎደለ ቁጥር፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በእያንዳንዱ ትልቅ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ እግሩ ይለካ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይውጣ። ከድልድይ ሥር አሸዋ እንዳይነሳ የሚከለክል ምልክት ይተከል፣ የሚያስከብረውም ሰው ይመደብ። እርስዎም አንባቢ፣ በሚያውቁት ድልድይ ሥር የጭነት መኪና አሸዋ ሲጭን ካዩ፣ ወይም ክረምት ካለፈ በኋላ የምሰሶው መሠረት ተገልጦ ካገኙት፣ ፎቶግራፉን ይዘው ዛሬውኑ ወደ ወረዳዎ መንገድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።